ብዙ ነገር አንድ ነገር የሚሆነው መቼ ነው? ስለ ቁሳዊ ነገሮችና ስለ ክፍሎቻቸው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአያት አልፎ ጣፎ ዳር ባለው ሰፈራችን ጎረቤቶቼ፣ የጋራዥ ሠራተኞችና የማስተምራቸው ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡብኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስከትዬ መልሻለሁ።

ለመሆኑ ጥያቄው ምንድን ነው?

ሰፈራችን ገና በመሠራት ላይ ያለ ሰፈር ነው። ሲኖትራክ መጥቶ አንድ ሺህ ብሎኬት በር ላይ ያራግፋል። በዚያ ሰዓት «ስንት ነገር መጣ?» ብባል ያለ ማመንታት አንድ ሺህ እላለሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግንበኛው ብሎኬቱን ደርድሮ፣ በሲሚንቶ አያይዞ፣ ቆርቆሮ ሲመታበት ደግሞ «አንድ ቤት» እላለሁ። ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ከብሎኬቱ፣ ከሲሚንቶውና ከቆርቆሮው በተጨማሪ አንድ አዲስ ነገር ወደ ዓለም መጥቷል? ወይስ ቀድሞ የነበሩት ነገሮች ቦታ ቀየሩ እንጂ የተጨመረ ነገር የለም?

ብዙ ነገሮች አንድ ነገር እንዲሆኑ ምን መሟላት አለበት የሚለውን ጥያቄ ራሱን አስችሎ በሰፊው የመረመረው አሜሪካዊው ፈላስፋ ፒተር ቫን ኢንዋገን ነው፤ መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ስለ ክፍልና ስለ ሙሉ የሚያጠናው የሎጂክ ዘርፍ ግን ከዚያ ይቀድማል። «ሜሬዮሎጂ» የሚለውን ስም ያወጣለት ፖላንዳዊው የሎጂክ ሊቅ ስታኒስዋቭ ሌሽኒየቭስኪ ነው፤ «ሜሮስ» በግሪክኛ ክፍል ማለት ነው።

«ክፍል» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአማርኛ መኝታ ቤቱም ክፍል ነው፣ ተማሪው የሚቀመጥበትም ክፍል ነው፣ እጅና እግርም የአካል ክፍል ናቸው። እዚህ የሚፈለገው ከሁሉም ሰፊው ትርጉም ነው። እጀታው የበሩ ክፍል ነው፤ በሩ የቤቱ ክፍል ነው፤ እንግዲያው እጀታው የቤቱ ክፍል ነው። ክፍልነት እንዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ሁለት ነገሮች አንድ ክፍል ሊጋሩም ይችላሉ፤ በኮንዶሚኒየም ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቤቶች መካከላቸው ያለውን ግድግዳ እንደሚጋሩት ማለት ነው።

ከክፍልነት ጋር የሚምታታው አባልነት ነው። እኔ የሰፈሬ እድር አባል ነኝ፤ ጣቴ ደግሞ የእኔ ክፍል ናት። ጣቴ ግን የእድሩ አባል አይደለችም፤ መዋጮም አትከፍልም። አባልነት አይሻገርም። ስለዚህ እድሩ እንደ ቤት ከክፍሎች የተሠራ ነው ለማለት ቸኩዬ አልደፍርም።

ዶሮ በእርግጥ አሥራ ሁለት ብልት ብቻ ነው ያላት?

ይህን የጠየቀችኝ በበዓል ዋዜማ ዶሮ ስትበልት የነበረች ጎረቤቴ ናት። እጇን እያየሁ ነበር። ቢላዋውን ከማሳረፏ በፊት መገጣጠሚያውን በአውራ ጣቷ ትዳስሳለች። ቦታውን ስታገኘው ቢላዋው አጥንት ሳይሰብር፣ ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል፤ ብልቱም ይለያል። ፕላቶ «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሰቱ ነገሮችን በተፈጥሮ መገጣጠሚያቸው መለየት እንጂ እንደ መጥፎ ሥጋ ቆራጭ መሰባበር አይገባም ሲል ያሰበው ይህን እጅ ነው።

ነገር ግን በፈረሰኛው መሐል በአሳቤ አንድ መስመር ባሰምርና «ከዚህ ወዲያ ያለው ግራ ግማሽ» ብል፣ ያ ግማሽ ከመቆረጡ በፊት የዶሮዋ ክፍል ነበር? ብዙዎች አዎን ይላሉ፤ ያን ጊዜ የዶሮዋ ክፍሎች ተቆጥረው የሚያልቁ አይሆኑም። ቫን ኢንዋገን ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጽሑፍ በአሳብ የተሰመረ ድንበር ሁሉ ክፍል አይፈጥርም ብሎ ተከራክሯል። እኔም ወደ እርሱ አደላለሁ። አሥራ ሁለት የሚለው ቁጥር «መገጣጠሚያው የት የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ነው፤ ይህም ጥያቄ «በስንት ሊቆረጥ ይችላል?» ከሚለው ይበልጥ ከባድ ነው።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ አይደለም?

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ተቃውሞ ይህ ነው፤ ክብደት የሌለው ተቃውሞም አይደለም። ኤሊ ሂርሽ የተባለው ፈላስፋ በዚህ ጉዳይ የሚደረገው ክርክር በአነጋገር እንጂ በነገሩ ላይ አይደለም ይላል። አንዱ «ቤት አለ»፣ ሌላው «በቤት መልክ የተደረደሩ ቅንጣቶች አሉ» ሲል ሁለቱም አንዱን እውነታ በሁለት ቋንቋ እየተናገሩ ነው ማለቱ ነው።

አልተቀበልሁትም። «ልጄ አለ ወይስ በልጅ መልክ የተደረደሩ ቅንጣቶች ብቻ ናቸው ያሉት?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ይህን የአነጋገር ልዩነት ነው ብሎ የሚያልፍ ወላጅ አላየሁም። ለልጁ ሲሆን የነገር ጥያቄ ከሆነ፣ ለቤቱ ሲሆን የቃል ጥያቄ የሚሆንበትን ምክንያት ማሳየት የተቃዋሚው ፋንታ ነው።

ነገሮቹ መነካካታቸው ወይም መጣበቃቸው አይበቃም?

ጠዋት ከጣፎ ወደ መገናኛ በሚኒባስ የሄደ ሰው ይህን በሰውነቱ ያውቀዋል። ትከሻ ከትከሻ፣ ጉልበት ከጉልበት ይገጥማል፤ ረዳቱ ደግሞ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል። ሆኖም ተሳፋሪዎቹ ተደምረው አንድ ግዙፍ ተሳፋሪ አይሆኑም። መነካካት ብቻውን አንድ አያደርግም። የማይላቀቁ ቢሆኑስ? ቫን ኢንዋገን ሁለት ሰዎች ሲጨባበጡ ድንገት ጣቶቻቸው ሽባ ሆነው መለያየት ቢያቅታቸው ምን እንላለን ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ ሰዎች ችግር ላይ ወድቀዋል፤ ሦስተኛ ነገር ግን አልተወለደም።

በሌላ በኩል ጋቢን ተመልከቱ። ድሩና ማጉ በማጣበቂያ አልተያያዙም፤ አንዱ በሌላው ሥርና ላይ እየተላለፈ ነው ያለው። ያም ሆኖ ጋቢው ከተጨባበጡት ሁለት ሰዎች ይልቅ አንድ ነገር ይመስላል። ስለዚህ የምንፈልገው ነገር ከሙጫና ከምስማር የተለየ ነው።

ፈላስፎች ታዲያ ምን ብለው መለሱ?

አንደኛው ወገን «ሁልጊዜ» ይላል። ዴቪድ ሉዊስ የዚህ ወገን ታላቅ ጠበቃ ነው። በእርሱ አስተሳሰብ የትኞቹም ነገሮች፣ የትም ይሁኑ የት፣ አንድ ነገር ያስገኛሉ፤ የአንድ ዓሣ የፊት ግማሽና ተርኪ የተባለው ዶሮ መሰል ትልቅ ወፍ የኋላ ግማሽ እንኳ ተደምረው አንድ ነገር ናቸው። የእኔ ጀበናና የጎረቤቴ በሬ ግራ ቀንድም እንዲሁ። ስም ያላወጣንለት ስለማያስፈልገን እንጂ ስለሌለ አይደለም ባይ ነው። ሁለተኛው ወገን «በጭራሽ» ይላል፤ ያሉት የማይከፈሉ ቅንጣቶች ብቻ ናቸው።

ቫን ኢንዋገን በመካከል ይቆማል። መልሱ አጭር ነው፦ ብዙ ነገሮች አንድ የሚሆኑት እንቅስቃሴያቸው ሕይወት ሲሆን ብቻ ነው። ይህን መልስ ይዤ ከከተማው ጠርዝ ወደ እርሻው ስሻገር የማየው ዓለም ሌላ ይሆንብኛል። በሬው አለ፤ ቀንበሩና ሞፈሩ የሉም። ባሕር ዛፉ አለ፤ ከባሕር ዛፉ የተሠራው አጥር የለም። ገበሬው አለ፤ ጎጆው የለም። ኔድ ማርኮሲያን ደግሞ መስፈርት አትፈልጉ ይላል፤ አንዳንዶቹ አንድ ይሆናሉ፣ አንዳንዶቹ አይሆኑም፣ ከበስተጀርባው ግን የሚያብራራው አጠቃላይ ሕግ የለም።

ቤት የለም የሚሉት የምራቸውን ነው?

የምራቸውን ነው፤ ነገር ግን የሚሉትን በትክክል እንስማቸው። ቦታው ባዶ ነው አላሉም። ብትጋጩ ግንባራችሁ ይቆስላል፤ ዝናብ ሲመጣም ትጠለላላችሁ። እነርሱ የሚክዱት ከቅንጣቶቹ በላይ «ቤት» የሚባል አንድ ተጨማሪ ነገር መኖሩን ነው። ቅንጣቶቹ በቤት መልክ ተደርድረዋል፤ ዝናቡን የከለከሉትም እነርሱ ናቸው።

ከዚህ ወገን ጠንካራውን ክርክር ያቀረበው ትሬንተን ሜሪክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001። በድንጋይ መስኮት ቢሰበር የሰበሩት በድንጋይ መልክ የተደረደሩት አተሞች ናቸው፤ ሥራውን አብረው ጨርሰውታል። ድንጋዩ የሚባል ሌላ ነገር ካለ ለእርሱ የቀረለት ሥራ ምንድን ነው? ሥራ ከሌለው ነገር አለ ብሎ ማመን ለምን ያስፈልጋል? ሜሪክስ ሰውን ከዚህ ያወጣዋል፤ ሰው በንቃተ ህሊናው አተሞቹ ብቻ የማያደርጉትን ያደርጋልና።

ይህ ክርክር ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን። አንበሳውን ያሰረው ማን ነው? እያንዳንዱ ክር ብቻውን አላሰረም፤ ዝንብም አያቆም ይሆናል። ክሮቹ አብረው ነው ያሰሩት ካልን ገመድ የሚባል ነገር ሳንጨምር ምሳሌው ትክክል ሆነ። ገመዱ ነው ያሰረው ካልን ግን ማበሩ አንድ አዲስ ነገር አስገኝቷል። ተረቱ ራሱ «ድር» ብሎ በነጠላ ቁጥር ስለሚናገር ሁለቱንም ያስተናግዳል። እኔ እንደማስበው «ቢያብር» የምትለው ቃል ናት ቁልፏ፤ ክሮቹ ባላበሩበት ሁኔታ ያልነበረ ኃይል በማበራቸው ከመጣ፣ የማበሩን ሁኔታ ከቆጠራ ማውጣት አይቻልም።

ሳይንስ ይህን አልጨረሰውም?

አልጨረሰውም፤ ሊጨርሰው የተነሣበት ጥያቄም አይደለም። ፊዚክስ ቤቱ ከምን ከምን እንደተሠራ ይነግረናል። «አቶሞስ» በግሪክኛ የማይቆረጥ ማለት ነበር፤ ኋላ አተምም ተቆረጠ፤ ከውስጡም ኤሌክትሮንና ኒውክሊየስ ወጡ። ከስንት ቅንጣት በኋላ የማይከፈል ደረጃ ላይ እንደሚደረስ፣ ወይም ጭራሽ እንደማይደረስ፣ የፊዚክስ ጉዳይ ነው። ቅንጣቶቹ ይታወቁና ከዚያ በኋላ «እነዚህ ተሰባስበው አንድ ነገር ሆነዋል?» የሚለው ግን በማይክሮስኮፕ የሚታይ አይደለም። በማይክሮስኮፕ የሚታየው ሁሉ በሁለቱም ወገን ዘንድ ያው ነው።

ክምር የሚሆነው ስንት ፍሬ ሲደርስ ነው?

ጤፍ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ከማንም በተሻለ ይረዳዋል። ሺህ የጤፍ ፍሬ ተሰብስቦ አንድ ግራም አይሞላም። ከክምር አንድ ፍሬ ብትነሣ ክምርነቱ አይጠፋም፤ አሁንም አንድ ብትነሣ አይጠፋም። እንዲህ እያልን ብንቀጥል በመጨረሻ አንዲት ፍሬ ትቀርና «ክምር ናት» ልንል ነው። ይህን እንቆቅልሽ የጥንት ሰዎች የሚሊጢኑ ዩቡሊደስ ነው ያመጣው ይላሉ።

የዘመናችን ፈላስፎች ከዚህ ከባድ ነገር አወጡ። ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1986፣ ቴድ ሳይደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው መጽሐፉ እንዲህ ይከራከራሉ፦ ብሎኬቶቹ በሲኖትራኩ ሲራገፉ አንድ ነገር አልሆኑም፣ ቤት ሲሆኑ አንድ ነገር ሆነዋል ካላችሁ፣ በመካከል ድንበር አለ ማለት ነው። በአንድ ብሎኬት፣ በአንድ አካፋ ሲሚንቶ ልዩነት ድንገት አዲስ ነገር ይወለዳል ማለት አይታመንም። ድንበሩ ደብዛዛ ነው እንዳትሉ ደግሞ፣ በዓለም ላይ ያሉት ነገሮች ብዛት ራሱ ደብዛዛ ሊሆንባችሁ ነው። «ቀይ» ደብዛዛ ሊሆን ይችላል፣ «ረጅም»ም እንዲሁ። «አለ» ግን እንዴት ደብዛዛ ይሆናል? ነገሩ አለ ወይም የለም። ስለዚህ መልሱ «ሁልጊዜ» ወይም «በጭራሽ» ብቻ ነው ይላሉ።

ከዚህ ሁሉ ክርክር የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው። በቀላሉ የሚመለስ መስሎኝ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም።

ክፍሎቹ አንድ በአንድ ቢቀየሩ ያው ነገር ነው?

ፕሉታርክ እንደጻፈው አቴናውያን የቴሴዎስን ባለ 30 መቅዘፊያ መርከብ ለረጅም ዘመን ጠብቀው አቆይተውታል፤ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር። ፈላስፎች ግማሾቹ ያው መርከብ ነው፣ ግማሾቹ አይደለም ይሉ ነበር። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ነገሩን አከበደው፦ አንድ ሰው የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ እንደ ቀድሞው አድርጎ መርከብ ቢሠራባቸውስ? የቴሴዎስ መርከብ የትኛው ነው?

ሆብስ በአሳቡ ያቆመውን መርከብ እኛ በግቢያችን ውስጥ ቤት አድርገን ሠርተነዋል። እናቴ ያሳደገችን የጭቃ ቤት ምስጥ ገባበት። በአንደኛው በጋ የምሥራቁ ግድግዳ ማገሩ ተነቅሎ በብሎኬት ተተካ። በሌላው በጋ ሁለት ግድግዳ ተከተለ፤ ከዚያ የዛገው ቆርቆሮ ወረደ፤ በመጨረሻም መሐል ላይ የነበረው ምሰሶ ወጣ። ቤቱን አንድም ቀን ለቀን አልወጣንም፤ ሁልጊዜ የምናድርበት ክፍል ነበረ። ከወጣው ዕቃ የተወሰነውን ቆራሌው ወሰደው። የተረፈውን ቆርቆሮ፣ በሩንና ምሰሶውን ግን ወንድሞቼ ከጓሮ አቁመው ማድ ቤት ሠሩበት። በዚያ ምሰሶ ላይ ኩራዝ የሚሰቀልበት ምስማር ዛሬም አለ፤ ከምስማሩ በላይ የኩራዙ ጥቀርሻ ወደ ላይ እየሰፋ እንደ ቅጠል ተስሏል።

የቦታ ግብር የሚከፈለው በብሎኬቱ ቤት ስም፣ በቀድሞው የቤት ቁጥር ነው፤ በወረቀት ላይ ቤቱ አልተቋረጠም። እናቴ ግን «ማሰሮውን ከአሮጌው ቤት አምጡ» ስትል ሁላችንም ወደ ማድ ቤቱ ነው የምንሄደው። ወረቀቱ የሚከተለው የቦታውንና የኑሮውን ቀጣይነት ነው፤ እናቴ ደግሞ ቁሱን ትከተላለች። ሮደሪክ ቺዝም የተባለው ፈላስፋ ቢጠየቅ ሁለቱም ጥብቅ በሆነው ትርጉም ያው ቤት አይደሉም ባለ ነበር፤ አንድ ክፍሉን እንኳ ያጣ ነገር በጥብቁ ትርጉም ሌላ ነገር ነው ይላልና። እኔ ወረቀቱን እደግፋለሁ። ቤቱ አንድም ቀን ቤት መሆኑን አላቆመም፤ ማድ ቤቱ የወረሰው ቁሱንና ትዝታውን ነው።

መኪናስ? ሞተሩ ከተቀየረ ሌላ መኪና ነው?

በጋራዡ መልሱ ሊብሬው ላይ ነው። ሊብሬው የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ይይዛል፤ ሞተር ሲቀየር ቁጥሩ ይስተካከላል፤ ሻንሲው ግን የመኪናው ማንነት ተደርጎ ይያዛል። ጎማ፣ ካምቢዮ፣ ቦዲ ሁሉ ቢቀየር መኪናው ያው ነው ይባላል።

ይህ ለሕግና ለሽያጭ የሚበጅ ስምምነት ነው፤ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን አንዱን ክፍል መርጠን «ማንነቱ እዚህ አለ» ማለታችን ነገሩን አይፈታውም፤ ሻንሲውም ተቆርጦ ሊበየድ ይችላል።

ጭቃውና ጀበናው አንድ ነገር ናቸው ወይስ ሁለት?

ሸክላ ሠሪዋ ሰኞ ጭቃ ታቦካለች፤ ረቡዕ ከዚያው ጭቃ ጀበና ትሠራለች። ገና ሳይተኮስ ሐሙስ ብትጨፈልቀው ጭቃው አለ፤ ጀበናው የለም። ጭቃው ሰኞም ሐሙስም ነበረ፤ ጀበናው የነበረው ረቡዕ ብቻ ነው። አንዱ ያለው ታሪክ ሌላው ከሌለው ሁለቱ አንድ ሊሆኑ አይችሉም። ረቡዕ ዕለት ሚዛን ላይ ብታስቀምጧቸው ግን ሚዛኑ የሚያሳየው የአንዱን ክብደት ነው። ሁለት ነገሮች፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ክብደት? አለን ጊባርድ እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ ጭቃና ከጭቃው የተሠራ ሐውልት አብረው ተፈጥረው አብረው የጠፉበትን ሁኔታ አቅርቦ በዚያ ጊዜ እንኳ አንድ ናቸው ማለት ይሻላል ብሏል። ሌሎች ጭቃው ጀበናውን ይሠራዋል እንጂ ጀበናውን አይሆነውም ይላሉ።

ሳይደርና መሰሎቹ ነገሮች በቦታ ብቻ ሳይሆን በጊዜም ክፍል አላቸው ይላሉ። ከመገናኛ አያት የሚሄደው ታክሲና ከመገናኛ ጣፎ የሚሄደው ታክሲ እስከ አያት የሚሄዱት በአንድ አስፋልት ነው፤ መስመሮቹ ሁለት ናቸው፣ የሚጋሩት ክፍል ግን አንድ። ጭቃውና ጀበናውም የረቡዕን ክፍል ተጋሩ። ቆንጆ መልስ ነው፤ ዋጋው ግን ውድ ነው። አሁን የሚያነበው ሰው ሙሉው እርስዎ ሳይሆኑ የእርስዎ የዛሬ ክፍል ነው ማለትን ያስከትላል።

ሰውነታችን በየሰባት ዓመቱ ይቀየራል ይባላል፤ ታዲያ እኛው ነን?

የሰባት ዓመቱ ነገር ትክክል አይደለም። ቀይ የደም ሴል ወደ 120 ቀን ገደማ ይኖርና ይተካል፤ በአንጎላችን ውጫዊ ክፍል ያሉት የነርቭ ሴሎች ግን በአብዛኛው ዕድሜ ልካችንን አብረውን ይኖራሉ። መቀየሩ ግን እውነት ነው፤ እንቆቅልሹም ጥንታዊ ነው። የሲሲሊው ባለ ቅኔ ኤፒካርሞስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በጨዋታ አቅርቦታል፦ ባለ ዕዳው «የተበደረው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ተለውጫለሁ» ይላል። አበዳሪው ይመታዋል፤ ሲከሰስም «የመታህም ሌላ ሰው ነው» ይለዋል። ዕቁብ ሰብሳቢ የሆነ ሁሉ ይህን ክርክር ከማንም ሊቀበል አይችልም፤ ልክም ነው።

ሕያው ነገር ክፍሉን የሚቀይረው እንደ እናቴ ቤት ከውጭ በመጣ ሠራተኛ አይደለም። ራሱ ይበላል፣ ራሱ ያዋህዳል፣ ራሱ ያስወግዳል። መቀየሩ የመኖሩ መንገድ ነው።

ድመቴ አንድ ናት ወይስ ሺህ አንድ?

ፒተር ጊች ምንጣፍ ላይ የተኛች አንድ ሺህ ጸጉር ያላትን ድመት አሰበ። አንድ ጸጉር ብትነቅሉላት የሚቀረው ድመት ነው። ያ የሚቀረው ነገር ከመንቀላችሁ በፊትም እዚያው ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጸጉር አንድ ድመት፣ ሙሉዋም ተጨምራ 1,001 ድመቶች ሊሆኑ ነው። ፒተር አንገር እ.ኤ.አ. በ1980 ይህንኑ በደመና አሳይቷል፤ በክረምት ጠዋት እንጦጦ ላይ የተኛውን ጉም ያየ ሰው ጠርዙ የት እንደሚያበቃ መናገር አይችልም፤ የትኞቹ ጠብታዎች የጉሙ ናቸው? ለእያንዳንዱ ምርጫ አንድ ጉም ካለ ጉሞቹ ስፍር ቁጥር የላቸውም።

የእኔ መልስ ከዶሮዋ ብልት ጋር አንድ ነው። ከድመቷ ላይ በአሳብ አንድ ጸጉር መቀነስ ሌላ ድመት አይፈጥርም። ለጉሙ ግን ይህ መልስ እንደማይበቃኝ አምናለሁ፤ ጉም መገጣጠሚያ የለውምና።

እርስዎ በመጨረሻ የትኛውን ይይዛሉ?

አርስቶትልን። «ሜታፊዚክስ» በተባለው ሥራው 7ኛ መጽሐፍ ላይ ስለ ፊደላት የሚናገረውን በአማርኛ ላሳይ። ደ፣ ረ፣ ሰ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ውሰዱ። በዚህ ቅደም ተከተል «ደረሰ» ይሆናሉ፤ ሰን ከፊት አምጥታችሁ ስታነቧቸው «ሰደረ» ይሆናሉ። ፊደላቱ ያው ናቸው፤ አንድም አልጨመርንም፣ አንድም አልቀነስንም። ክፍሎቹ አንድ ከሆኑ ሙሉው አንድ ነው የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ይወድቃል። ቃሉን ቃል ያደረገው ፊደላቱን የያዛቸው ሥርዓት ነው። ይህ ሥርዓት አራተኛ ፊደል አይደለም፤ አራተኛ ፊደል ቢሆን ኖሮ እርሱን ከሦስቱ ጋር የሚይዝ አምስተኛ ያስፈልግ ነበር፣ መቆሚያም አይኖረውም። ካትሪን ኮስሊኪ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥርዓቱም የነገሩ እውነተኛ ክፍል ነው ብላለች፤ እዚህ ላይ ከእርሷ እለያለሁ።

ከተማሪዎቼ አንዷ «እንግዲያው ማታ መገናኛ ላይ የሚቆመው የታክሲ ሰልፍስ?» አለችኝ። ሥርዓት አለው፤ ሰዎቹ እየተቀያየሩ ሰልፉ ይቀጥላል፤ ያጥራል፣ ይረዝማል። «በእርስዎ አነጋገር አንድ ነገር ነው ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። እንዲህ መለስሁላት፦ በቤት ውስጥ አንዱ ክፍል የሌላውን ሸክም ይሸከማል፤ ወጋግራውን ብትነሥ ቆርቆሮው ይወርዳል። ከሰልፍ አንድ ሰው ቢወጣ ግን ከኋላው ያለው አንድ እርምጃ ይጠጋል፤ የወደቀ የለም። ሥርዓት ስል ክፍሎቹ አንዱ ለሌላው የሚያደርገውን የሚወስን ሥርዓት ማለቴ ነው።

እርሷ ግን አልለቀቀችኝም። «ያ ሰው እንዲጠጋ ያደረገውም ሰልፉ አይደል?» አለች። ከሳይደር የደብዛዛነት ክርክር ቀጥሎ ይህን ጥያቄዋን ነው ይዤ የምዞረው።